ሙሀንዲስ ኢሊያስ አውሮፕላን ሲገጣጥም

ኢሊያስ ሙሀንዲስ የሆነው ሪያድ በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። የሾመው የለም፤ ራሱን በራሱ ሾመ። ዐዚዚያ በሚባለው ሰፈር፣ ከሱዳናዊው ከኡስማን ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል፣ አብሯቸው ሊኖር የመጣባቸው ሁለት ሰዎች ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ለአዲስ መጪ ሁሉ የሚቀርበውን ጥያቄ አቀረቡለት።

«አገር ቤት ምን ትሠራ ነበር፣ ወንድሜ?» አለው በሽር።

በሽር የከሚሴ ሰው ነው። በሙያው ሴራሚክ ነጣፊ፣ በዕድሜው ታላቅ፣ በጠባዩ የክፍሏ አባወራ። የጠየቀው ለወግ ያህል ነበር። የሚጠብቀውም «ገበሬ ነበርኩ» ወይም «ከትምህርት አቋርጬ ነው» የሚለውን የተለመደ መልስ ነው።

ኢሊያስ ግን በየመን በረሃ አሥራ አንድ ቀን ተጎትቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ የሰው ሸሚዝ ለብሶ የተቀመጠ ሰው ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ተራ ሰው ነበርኩ ብሎ መጨመር ከበደው።

«አውሮፕላን ላይ ነበርኩ» አለ።

«አውሮፕላን ላይ ምን?»

«ቴክኒሻን።»

እውነቱ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአየር ማረፊያው አጥር ማዶ፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ነበር። ኢሊያስ እዚያ ሰባት ወር ሠርቷል። የተሳፋሪዎች ብርድ ልብስ በጭነት መኪና ይመጣል፤ እሱ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ያጥፋል፤ ብርድ ልብሱ በመጣበት መኪና ይመለሳል። በሰባት ወር ውስጥ አውሮፕላን በእጁ ነክቶ አያውቅም። የሚያውቀው ጠረኑን ነበር፤ እሱንም በሳሙና ያስለቅቀው ነበር።

ውሸት ጥሩ ነገር አለው፤ ወዲያው ይከፍላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር ያለው ፍራሽ ለእሱ ተለቀቀ፤ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ የሚያየው እሱ ነዋ። በእርግጥም ያየዋል። አይቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳምጦ፣ «ኮምፕሬሰሩ ነው» ይላል፤ ከዚያ የሚሠራ ሰው ይጠራል። ዕቃ ማጠብ ተከለከለ። የቴክኒሻን ጣት በሳሙና ከላላ ብሎን አይጨብጥም ብሎ ያስረዳቸው ራሱ ነው። አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ባለፈ ቁጥር፣ ሦስተኛው የክፍሉ ሰው ሙሳ ወደ ላይ ያንጋጥጥና «ይሄስ የቱ ነው?» ይላል። ኢሊያስ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ «ባለ አራት ሞተሩ» ብሎ ይመልሳል። በኢሊያስ ዘመን በዐዚዚያ ሰማይ ላይ ያለፈው አውሮፕላን ሁሉ ባለ አራት ሞተር ነበር።

ሙሳ የቆቦ ልጅ ነው። ሱለይ ሰፈር ካሉት መጋዘኖች ጭነት ያወርዳል፣ ይጭናል። ፊደል አልቆጠረም፤ ቁጥር ግን ከካርቶን ላይ ተምሯል። ወሬ አያበዛም። ሲነግሩት ያምናል፤ ወይም ያመነ ይመስላል። ከዝምተኛ ሰው ጋር ሲኖሩ ይህን መለየት አይቻልም።

አውሮፕላን የሚጠግን ሰው ሱለይ ውስጥ ሲሚንቶ የሚሸከመው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልፎ አልፎ ይነሣል። ኢሊያስ መልስ አያጣም። «ወረቀት ነው» ይላል፤ «ጥሩ ካፊል ባገኝ ነገ የአውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር ውስጥ ነኝ።» ካፊል የሚሉት ዋስ አሠሪና ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው በሙሉ ይህን ስለሚል፣ ሰሚው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

አንዲት ሰው ብቻ አላለፈችውም። ነጂባ የበሽር ታናሽ እህት ናት። ነሲም ሰፈር ውስጥ ከአንድ ትልቅ ቤተሰብ ቤት ትሠራለች። ቪዛ ይዛ፣ ኢቃማ ኖሯት፣ በአውሮፕላን የመጣች ናት። ከእነሱ መካከል አውሮፕላን ውስጥ የገባች እሷ ብቻ መሆኗን ማንም ልብ ያለው የለም። ዓርብ ዓርብ ማዳሟ ዐዚዚያ ያሉትን እናቷን ስትጠይቅ ነጂባንም ይዛት ትሄዳለች። ምሳ ተበልቶ ሰሃኑ ከታጠበ በኋላ ነጂባ «ዳቦ ልግዛ» ብላ ትወጣና ኡስማን ሱቅ ውስጥ ወንድሟን ግማሽ ሰዓት ታየዋለች። ኢሊያስም በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ የሚገዛው ነገር አለው፤ ክብሪትም ቢሆን።

በሽር እህቱን ለሙያተኛ ለመዳር አስቧል። ሙሀንዲስ ደግሞ ከራሱ ፍራሽ አጠገብ ተኝቷል። ስለዚህ በስልክ ሲያገኛት ስለ ኢሊያስ ይነግራታል፤ ስለ ጨዋነቱ፣ ስለ ሙያው፣ ሲናገር ስለሚረጋጋው ነገሩ። ነጂባ ሁሉንም ትሰማና አንድ ነገር ትጠይቃለች።

«ወንድም ዓለም፣ አውሮፕላን የሚጠግን ሰው በየመን በኩል በጀልባ ምን አመጣው?»

በሽር ጥያቄውን ለኢሊያስ አደረሰው። ኢሊያስ በሩን አየት አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፖለቲካ ነው» አለ። በሽር ከዚያ ወዲያ አልጠየቀውም፤ ጭራሽ አከበረው።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ኢሊያስ ሪያድ ከገባ አራት ዓመት ሲሆነው፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ነጂባ እንደ ትሪ የሰፋ ካርቶን በአባያዋ ሸፍና ሱቁ ደረሰች። ክዳኑ ላይ ከደመና በላይ የሚበር ነጭ አውሮፕላን ተሥሏል። ባለ አራት ሞተር።

«ለማዳም የበኩር ልጅ ከውጭ በስጦታ የመጣለት የመጫወቻ አውሮፕላን ነው» አለች። «ከፍቶ ሲያየው ፍርክስክስ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚገጣጥም ሥራ ፈት ነው ብሎ ተወው። ማዳም ውሰጂው አለችኝ። እኔም እኛ ሙሀንዲስ አለን ብዬ አመጣሁት።»

ካርቶኑን ለኢሊያስ አቀበለችው። ዓይኗ ፊቱ ላይ ነበር። ኢሊያስ ካርቶኑን ተቀብሎ መዘነው፤ ልክ ክብደቱን እንደሚያውቅ ሰው። «ይሄ ለእኔ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው» አለ።

ያ የአንድ ከሰዓት ሥራ ከፍራሹ ሥር ከአንድ ወር በላይ ተኛ። አንድ ቀን ድካም ሆነ፣ አንድ ቀን ሙቀት፣ አንድ ቀን ደግሞ የአምፖሉ ብርሃን ቢጫ ነው ተባለ። በዚህ ሁኔታ ካርቶኑ እዚያው ባረጀ ነበር፤ ዳሩ ሙህላ የሚሉት ቀነ ገደብ ደረሰ። ወረቀት የሌለው ወረቀቱን እንዲያስተካክል ወይም አገር ለቅቆ እንዲወጣ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ አለቀና ፍተሻ ተጀመረ። ሦስቱም ወረቀት የላቸውም። ሥራ የለም፣ መንገድ የለም፣ መስጊድም የለም። ኡስማን በሩን በውጭ በኩል በቁልፍ ቆለፈባቸው፤ የሚፈትሽ ቢመጣ ባዶ ቤት ይመስል ዘንድ። በቀን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ፉልና ዳቦ ያስገባል፣ ቆሻሻውን ያወጣል፣ መልሶ ይቆልፋል።

በመጀመሪያው ቀን ፈሩ። በሁለተኛው ቀን ፈርተው ተኙ። በሦስተኛው ቀን ወሬ አለቀባቸው። በአራተኛው ቀን በሽር ካርቶኑን ጎትቶ አወጣና ክፍሏ መሃል አስቀመጠው።

«ያላ ሙሀንዲስ» አለ።

«መሣሪያ ይፈልጋል» አለ ኢሊያስ።

«ምን መሣሪያ?»

«ልዩ መቁረጫ።»

በሽር የጥፍር መቁረጫውን ወረወረለት።

«ማጣበቂያውም ልዩ ነው።»

ማታ ዳቦ ሲመጣ ኡስማን ሁለት ብልቃጥ ሱፐር ግሉ አብሮ አመጣ። ውሃ የማያነሳው ሰበብ ሁሉ በአንድ ቀን ተሟጠጠና በማግስቱ ካርቶኑ ተከፈተ።

ኢሊያስ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁለት ክንፍና አንድ ገላ የሚያገኝ መስሎት ነበር። ያገኘው ሰባት የፕላስቲክ ጥልፍልፍ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ከስንዴ ፍሬ እስከ መዳፍ የሚደርሱ ቁርጥራጮች እንደ ዘለላ ተንጠልጥለዋል፤ ከጎናቸው ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ መቶ ሰማንያን አልፎ ይሄዳል። መመሪያው ሥዕልና ቁጥር ነው፤ ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው። ኢሊያስ መመሪያውን ገልጦ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ለረጅም ጊዜ አነበበ።

«ምን ይላል?» አለ በሽር።

«ቴክኒካል ነው። ብነግርህ አይገባህም።»

ሙሳ እጁን ዘርግቶ መመሪያውን ወሰደና፣ የተዘቀዘቀውን አቃንቶ መለሰለት።

ሥራው ተጀመረ። ኢሊያስ ያዝዛል፣ ሙሳ ይፈልጋል፣ በሽር ይመለከታል። ብዙ ሳይቆይ ግን አካሄዱ ተለወጠ። ሙሳ ሥዕሉን ያያል፣ ቁጥሩን ከዘለላው ላይ ያገኛል፣ በጥፍር መቁረጫው ይለቅመዋል፣ ቦታው ላይ ያለ ማጣበቂያ አስቀምጦ ይሞክረዋል። ከዚያ ኢሊያስ «ልክ ነው፣ አጣብቀው» ይላል። አለቅነት እንደዚህ ቀላል መሆኑን ኢሊያስ ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው ሁለቱ የገላው ግማሾች ሊጋጠሙ ሲሉ ነው። ሙሳ ሥዕሉ ላይ ጣቱን አሳረፈ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ተሥሏል፤ ውስጡ አንድ ጥቁር ነገር አለ፤ አጠገቡ ሃያ የሚል ቁጥር።

«እዚህ ክብደት ይገባል ይላል» አለ ሙሳ።

«የት?»

«አፍንጫው ውስጥ። ከመዝጋታችን በፊት።»

ኢሊያስ ሳቀ። ለብዙ ቀን የሚያስቀው ነገር ስላላገኘ ከልቡ ነው የሳቀው። «ሙሳዬ፣ አውሮፕላን የሚበረው ቀላል ስለሆነ ነው። አፍንጫው ውስጥ ድንጋይ ከተህ ወዴት ልትልከው ነው?»

«ሥዕሉ ላይ አለ።»

«እኔ በእጄ ከፍቼ ያየሁት አፍንጫ ነው። ራዳር እንጂ ድንጋይ የለውም።»

ሙሳ የሁለቱን ፊት አየ። በሽር «ሙሀንዲሱ ያለህን አድርግ» አለው። ገላው ተጣብቆ ተዘጋ።

ቀጥሎ የመስኮቱ ተራ መጣ። ማጣበቂያው ጠንካራ ነው፤ ተኑ ብርጭቆ መሳዩን ፕላስቲክ ያደበዝዘዋል። ኢሊያስ ከፊት ያለውን የአብራሪዎች መስኮት አብዝቶ ቀብቶ አጣበቀና፣ ጠዋት ሲነሡ መስኮቱ የሞራ ግርዶሽ እንደያዘው ዓይን ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው።

«ምን ሆነ?» አለ በሽር።

«ጭጋግ ነው» አለ ኢሊያስ፤ «ከፍታ ላይ እንዲህ ይሆናል።»

በዚያው ሳምንት ግን አንድ ያልጠበቀው ነገር ደረሰበት። የግራው ክንፍ ገላው ላይ ገብቶ ቀጭ ሲል የተሰማው ኢሊያስ እጅ ውስጥ ነበር። እጁን ማንሳት አቃተው። ለሁለት ደቂቃ ያህል ክንፉን ይዞ ተቀመጠ። ልቡ ድንገት እንደ ልጅ ልብ ዘለለ። አራት ዓመት ሙሉ ሲያወራለት የኖረውን ነገር ገና አሁን ነካው፤ እሱንም መዳፍ ላይ የሚቀመጠውን ትንሹን። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ቀድሞ የሚነሣው እሱ ሆነ። ፊቱን ሳይታጠብ አውሮፕላኑን ያያል። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ማዘዙን ረስቶ ይሠራ ነበር፤ በሠራ ቁጥርም ያበላሽ ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ ፍርሃት መጣበት። ነጂባ በየዓርቡ ኡስማንን «ሙሀንዲሱ ጨረሰ?» እያለች ትጠይቃለች፤ ኡስማንም ከዳቦው ጋር ጥያቄዋን ያስገባል። አውሮፕላኑ ሱቁ ውስጥ በሰው ፊት ሊቆም ነው ማለት ነው። ኢሊያስ መስኮቱን አየ፣ የተንጋደደውን አንደኛውን ሞተር አየ፣ በጥፍሩ ልጦ ሊለጥፍ ሲል የቀደደውን የጭራ ምልክት አየ። ሙሳ የተረፉትን ምልክቶች ሰሃን ውሃ ውስጥ ነክሮ አንድ በአንድ እያንሸራተተ ለጥፏቸዋል፤ ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል። ከዚያም ኢሊያስ አንድ ዘዴ ዘየደ። የፊተኛውን ጎማ የሚሸከመውን ቀጭን እግር ማንም ሳያየው ከዘለላው ቆርጦ ኪሱ ከተተው።

«ያሳዝናል» አለ በማግስቱ፤ «ዕቃው ጎዶሎ ነው። የፊት እግር የለውም። ያለ ፊት እግር ደግሞ በሕግም አይፈቀድም። ኸላስ።»

በሽር ዘለላዎቹን አገላብጦ ፈለገ፤ አጣ። ሙሳ አልፈለገም። ጥግ ተቀምጦ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ፈታ፣ የውስጡን ቀጭን ቀሰም በጥፍር መቁረጫ ቆረጠ፣ ሥዕሉን እያየ ጫፉን በክብሪት አለስልሶ አጠፈ። ቀትር ሳይደርስ የፊት እግር ቆመ። በሽር ሙሳን ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ኢሊያስም ጥሩ ሥራ ነው አለ፤ ኪሱ ውስጥ ያለው እግር ጭኑን እየወጋው።

ኅዳር አጋማሽ አልፎ ሰፈሩ ረጋ አለ። አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ኡስማን ቁልፉን ከፍቶ «ውረዱ፤ ዛሬ ደህና ነው» አላቸው። የሱቁን መዝጊያ ግማሽ ድረስ ዝቅ አደረገ። ባንኮኒው ላይ ያለውን የማስቲካና የካርድ ሳጥን አንስቶ ቦታ አዘጋጅቷል። ሁለት የመናዊ ሾፌሮች ፔፕሲ ይዘው ቆመዋል። ነጂባ ከዱቄቱ ጆንያ አጠገብ ናት፤ ሳምንታት ያላየችውን ወንድሟን ከላይ እስከ ታች ካየችው በኋላ ዓይኗን ወደ ደረጃው መለሰች።

ኢሊያስ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። አውሮፕላኑን በሁለት መዳፉ ተሸክሞ እንደ ሕፃን ይዞ ገባ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ አራቱም ሞተሮች ቦታቸው ላይ ናቸው። ኡስማን «ማሻአላህ» አለ። ኢሊያስ ሦስቱን እግሮች ባንኮኒው ላይ አሳረፈና እጁን ለቀቀ።

አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ አፍንጫውን አነሣ። ጭራው ባንኮኒውን ጠቅ አድርጎ መታና እዚያው ቁጭ አለ፤ ፊቱን ወደ ጣሪያው አንጋጦ።



«ሊነሣ ሲል ነው» አለ ኢሊያስ።

አፍንጫውን በጣቱ ጫን አድርጎ ወደ ታች መለሰው። ሲለቀው ተመልሶ ተቀመጠ። ደግሞ መለሰው። ደግሞ ተቀመጠ። ከሾፌሮቹ የአንዱ ፔፕሲ በሳቅ በአፍንጫው ወጣ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ» አለ ኡስማን፣ «ይሄ አውሮፕላን ነው ወይስ ሥጋ የሚጠብቅ ውሻ?»

«የባንኮኒው ችግር ነው፤ ዘንበል ብሏል» አለ ኢሊያስ። ላቡ በጀርባው ይወርዳል።

ያን ጊዜ ነጂባ ተናገረች። አልጮኸችም፤ እንደ ሰው ጤና እንደምትጠይቅ ነው። «አገር ቤት ስትጠግናቸውም እንዲህ ይቀመጡ ነበር?»

ኢሊያስ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ራዳር፣ ሃይድሮሊክ፣ የአየር ግፊት፣ አራት ዓመት ሙሉ ያጠራቀማቸው ቃላት ሁሉ አፉ ላይ ነበሩ። ሙሳ ግን ቀደመው። በባንኮኒው ላይ አጎንብሶ ከመደርደሪያው አንድ ትንሽ የባትሪ ድንጋይ አወረደና አፍንጫው ላይ አጋደመው። አውሮፕላኑ ወገቡን አቃንቶ በሦስት እግሩ ቆመ።

«ጭነት ነው» አለ ሙሳ። «ከኋላ ከበደ። መጽሐፉ ላይ ነበር።»

በሽር ባትሪውን አየ፣ ሙሳን አየ፣ መጨረሻ ላይ ኢሊያስን አየ። አራት ዓመት ያልጠየቀው ነገር በአንድ ጊዜ ጭንቅላቱ ውስጥ ሲሰለፍ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ኢሊያስ፣ ምን ነበር ሥራህ?» አለች ነጂባ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ መቀጠል ይችል ነበር፤ ከዚህ የባሰ ጊዜም አልፎት ያውቃል። ግን የአውሮፕላኑን ጭራ በሁለት ጣቱ እንደያዘ ነው የነበረው፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ ይህን ይዞ መዋሸት አቃተው።

«ብርድ ልብስ አጥብ ነበር» አለ። «የተሳፋሪ ብርድ ልብስ። አውሮፕላኑን ነክቼው አላውቅም።»

ነጂባ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን ጠረገች። «ካርቶኑን ያመጣሁት ይህን ለማወቅ ነበር» አለች። «ሲጀመር ብርድ ልብስ ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔ ያንን ብርድ ልብስ እስከ ሪያድ ለብሼው ነው የመጣሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ንጹሕ ነገር ለብሼ አላውቅም ነበር። ማን እንዳጠበው እንኳ አስቤ ነበር።»

ይህን ብላ ዳቦዋን ይዛ ወጣች፤ ማዳሟ ትጠብቃታለች።

ኢሊያስ ያን ቀን የሰማውን ለወራት አመነዠከው። ስንት ሰው በውሸቱ የተነሣ ሚስት አግኝቷል፤ እሱ በእውነቱ ልታገባው ትችል የነበረችን ሴት በውሸቱ አባረራት። ደግሞ የውሸቱ ዋጋ ሲታይ አንድ ፍራሽና የሰሃን እረፍት ብቻ ነበር።

እነዚህም ወዲያው ተወሰዱበት። በሽር ሦስት ቀን አኮረፈ። ያኮረፈው ስለ ውሸቱ አልነበረም። እህቱን ለማን ሊሰጥ እንደነበር አስቦም አልነበረም። «አራት ዓመት» ይላል ድስቱን እያየ፤ «አራት ዓመት ሙሉ የዚህን ሰው ሰሃን ሳጥብ፤ እሱ ደግሞ በማጠብ የሠለጠነ ሰው።» ከሦስተኛው ቀን በኋላ ማጠቢያው ለባለሙያው ተላለፈ። ኢሊያስ ከበሩ አጠገብ ተኛ፤ ከማቀዝቀዣው ሥር ሙሳ ገባ። ሰሃኑ ግን ከዚያ በፊት እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም፤ በሽርም ይህን አልካደም።

ሙሳ የአውሮፕላኑን ሆድ ከሥር ሰንጥቆ ሚስማሮች አፍንጫው ውስጥ አስገባና መልሶ ዘጋው። ኡስማን ከሱቁ መስተዋት ጀርባ፣ በሻምፑና በሻይ ቅጠል መካከል አቆመው። ሰው እያየ ይጠይቃል። ኡስማን ወደ ላይ ይጠቁማል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የሰፈሩ ሰው የተሰበረ ማራገቢያ፣ የቆመ ሰዓት፣ የማይዘጋ ሻንጣ ይዞ ወደ ደረጃው ይወጣ ጀመር። ሙሳን ሙሀንዲስ ሲሉት «ሙሳ ነኝ» ይላል። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስከበረው፤ ኢሊያስ ያን ሲያይ፣ ዝምታ ከውሸት ይልቅ እንደሚያዋጣ ያልነገሩትን ሰዎች ሁሉ በልቡ ወቀሳቸው።

ነጂባ ውሏን ጨርሳ በሁለት ሺህ ሰባት ወደ ከሚሴ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ የኮምቦልቻ ነጋዴ ቤተሰብ ሽማግሌ ላከ። አባታቸው ስለሞተ ሽማግሌዎቹ የሚያነጋግሩት ታላቅ ወንድሟን ነው፤ ወንድሟ ደግሞ ሪያድ ነው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ። በሽር ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከፍራሹ ተነሥቶ ቆመ፣ ተናገረ።

«አልሐምዱሊላህ፤ ሥራ ጥሩ ነው። እኔ እዚህ ሙቃዊል ነኝ» አለ። «አዎ፣ የራሴ ተቋራጭነት ነው። ሠላሳ ሠራተኛ አለኝ።»

ኢሊያስ ብርጭቆ ማጠቡን አቁሞ በሽርን አየው። በሽር ግድግዳውን እንጂ እሱን አላየም። በወዲያኛው በኩል ያሉት ሽማግሌ የሚጠራጠሩ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ በሽር ትንሽ ተደናገረና ስልኩን ወደ ኢሊያስ ገፋው። «ይኸው፣ ሠራተኛዬን ጠይቁት። ሐቀኛ ሰው ነው።»

ኢሊያስ እጁን በሱሪው አድርቆ ስልኩን ተቀበለ። ከሽማግሌው ድምፅ ኋላ የሴቶች ጫጫታ ይሰማል፤ ከመካከላቸው አንዷ ነጂባ ትሆናለች ብሎ አሰበ። ሊተወው ይችል ነበር። በአንድ ቃል ሰርጉን ማፍረስ ይችል ነበር፤ እውነትም ይሆን ነበር።

«አባቴ፣ ሠላሳ አይደለንም» አለ። «ሠላሳ አምስት ነን። ጋሽ በሽር መኩራት አይወድም። እንዲህ ያለ ደግ አለቃ ሪያድ ላይ የለም፤ ቤተሰቡም እንደሱ ነው። ሳታወላውሉ ተዛመዱ።»

ሽማግሌው መረቁት። ስልኩ ተዘጋ። በሽር ፍራሹ ላይ ተቀመጠና ግንባሩን ጠረገ።

«ሠላሳ አምስት አበዛኸው» አለ።

«እንዲያውም አሳንሼ ነው» አለ ኢሊያስ፤ «ሾፌሮቹን አልቆጠርኩም።»